«ያድግበታል» እያልን የምንገዛው ባለጎማ ጫማ

 

ሆፌሽ ጋዶል እየደረሰ ነው። ልጆቹ ከቤት ሴፈር ወጥተው ሁለት ወር ያህል እቤት ሊቀመጡብን ነው፣ በየቤቱም ጥያቄው ተጀምሯል። ብስክሌት ግዙልኝ የሚል አለ፣ ኮርኪኔት የሚል አለ፣ ብዙዎቹ ደግሞ ሮለርብሌይድስ ይላሉ። በዕብራይስጥ ጋልጊሊዮት የሚባለው ነው፤ ከሥሩ ትንንሽ ጎማዎች በአንድ መስመር የተደረደሩበት፣ ላዩ ጠንካራ ፕላስቲክ የሆነ ቦት። ዛሬ ልንጽፍላችሁ የፈለግነው ስለዚህ ጫማ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን እኛ በሶሻል ሥራችን በየቤቱ ስንገባ፣ አልጋ ሥር ተጥሎ ብዙ ጊዜ የምናየው የልጅ ዕቃ ይሄ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ተደርጎ የተተወ። ልጁን «ለምን ተውከው?» ስንለው «ያመኛል» ይላል፣ ወይም አንገቱን ደፍቶ «አልችልበትም» ይላል። እናቱ ደግሞ ከወዲያ ሆና «ገንዘቤን አስወጥቶኝ፣ ሰነፍ!» ትላለች።

እኛ እንደምናየው ከሆነ ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ሰነፍ አይደለም። ጫማው የሱ ልክ አይደለም። ሁለት ቁጥር፣ አንዳንዴም ሦስት ቁጥር ይበልጠዋል።

ለምን ትልቅ እንደሚገዛ መቼም እናውቃለን፤ ከናንተው ቤት ነው ያደግነው። አገር ቤት ለልጅ የሚሰፋ ልብስ እጁ ታጥፎ፣ ጫፉ ሰፋ ተደርጎ ተቀምቅሞ ነበር የሚለበሰው፤ ልጁ ሲያድግ ይፈታለታል። ጫማማ ላብዛኞቻችን ከነጭራሹ አልነበረም። በሱዳን በኩል የመጡት ወገኖቻችን ያን ሁሉ መንገድ በባዶ እግርና በበረባሶ ነው የሄዱት። በ1991 በሰለሞን ዘመቻ ጊዜም፣ በ36 ሰዓት ያህል ከ14 ሺህ በላይ ሰው ሲጓጓዝ፣ ስንቱ ልጅ በባዶ እግሩ ከአውሮፕላን እንደወረደ የምታስታውሱት እናንተው ናችሁ። እዚህ ስንደርስ ጫማ በክምር ቀረበልን። ደጋግ ሰዎች ያመጡት ነው፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ግን እግራችንን የለካ አልነበረም። የደረሰህን ታደርጋለህ። ከፊቱ ጨርቅ ይጠቀጠቅበታል፣ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ ይኬዳል። «ያድግበታል» ይባላል። እውነትም አደግንበት።

ለተራ ጫማ ይሄ ዘዴ ያስኬድ ይሆናል። ቆዳ ይለጠጣል፣ ሸራ ይተጣጠፋል፣ እግር ሲሄድ ጫማውም አብሮ ይሄዳል። ጠንካራው ባለጎማ ቦት ግን ሌላ ነገር ነው። የኮንጎ ጫማን ታስታውሳላችሁ፤ በቅርጽ ተጨምቆ የወጣ ፕላስቲክ ነው፣ ተረከዝ መላጥ ከጀመረ ሲልጥ ይኖራል እንጂ ለማንም እግር ብሎ አይሰፋም። ይሄም እንደዚያ ነው፣ ያውም ወፍራምና ድርቅ ያለ። አራሽ የነበራችሁ አባቶች ደግሞ በቀንበር አስቡት። ቀንበር ለበሬው አንገት ይጠረባል። ያልተስተካከለ ቀንበር ጫንቃውን ያቆስለዋል፣ በሬው አንገቱን እያዞረ ትልሙ ይጣመማል። ያኔ «በሬው ሰነፍ ነው» ብሎ የሚገርፍ ካለ ጎረቤት ይታዘበዋል። «ግድ የለም፣ በሬው ያድግበታል» ብሎ ቀንበር የሚገዛ ገበሬ ግን ሰምተን አናውቅም።

ቦቱን አንድ ጊዜ ፈታታችሁ ብታዩት ነገሩ ይገባችኋል። የብዙዎቹ ውስጥ ያለ መሣሪያ ይወጣል። ዘለበቶቹን ክፈቱና የውስጡን ስባችሁ አውጡት፤ ሁለት ነገር በእጃችሁ ይቀራል። አንደኛው ጠንካራው የፕላስቲክ ቅርፊት ነው። ሁለተኛው የውስጥ ቦት ነው፣ በስፖንጅ የተሞላ፣ ወፍራም ካልሲ የመሰለ። ቅርፊቱ ራሱ ሁለት ክፍል አለው፤ ታችኛው እግርን ይይዛል፣ ላይኛው ቁርጭምጭሚትን ከቦ ወደ ባት የሚወጣ አንገት ነው። ሁለቱ በቁርጭምጭሚት ልክ በግራና በቀኝ በብሎን ተያይዘዋል። ስለዚህ ልጁ ጉልበቱን ሲያጥፍ አንገቱ ወደ ፊት አብሮት ያጎነብሳል፣ ወደ ጎን ግን ንቅንቅ አይልም። የቦቱ ዘዴ በሙሉ እዚህ ላይ ነው። ልጁ የቆመው በአንድ መስመር በተደረደሩ ጎማዎች ላይ ስለሆነ፣ እንደ ቢላ ስለት ቀጭን ነገር ላይ ቆሟል ማለት ነው። እግሩ ወደ ጎን እንዳይወድቅ የሚያግዘው ቅርፊቱ ነው። ቅርፊቱ ሊያግዘው የሚችለው ደግሞ ከእግሩ ጋር ከተያያዘ ብቻ ነው።

ከየት መጣ ካላችሁ፣ ጎማን በአንድ መስመር መደርደር የቆየ ሐሳብ ነው። በ1819 ፔቲብሌ የሚባል ፈረንሳዊ እንዲህ ዓይነቱን ጫማ በፓሪስ በስሙ አስመዝግቦ ነበር። በዛሬው መልኩ ዓለምን ያዳረሰው ግን በ1980 በአሜሪካ፣ በሚኒያፖሊስ ከተማ፣ ስኮት ኦልሰንና ብሬናን ኦልሰን የሚባሉ ወንድማማቾች መሥራት ከጀመሩ በኋላ ነው። የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ነበሩ፤ በረዶ በሌለበት ወራት ልምምድ እንዳይቋረጥባቸው ብለው ነው። ሮለርብሌድ የድርጅታቸው ስም ነበር፣ ዛሬ ልጆቹ ለሁሉም ዓይነት ይሉታል። ጠንካራው የፕላስቲክ ቦት የተቀዳው ከስኪ ጫማ፣ ማለት በረዶ ተራራ ላይ ከሚንሸራተቱበት ጫማ ነው። የስኪ ጫማ ደግሞ የሚለካው በሚሊሜትር ነው። እኛ በ«ያድግበታል»፣ እነሱ በሚሊሜትር!

«ይሄ የፈረንጅ ልጅ ጨዋታ ነው» የሚሉ አባቶችም አሉ። አይደለም፣ አባቶቻችን። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ወጣቱ በዚሁ ጫማ ሲበር ይታያል። በ2018 መጨረሻ «መንገድ ለሰው» ተብሎ ጎዳና ለእግረኛ መዘጋት ከጀመረ ወዲህማ ሕፃኑም ጎልማሳውም ወጥቶበታል። ደግሞስ የአገር ቤት የከተማ ልጅ ከጋራዥ አሮጌ ኩሽኔታ ለምኖ፣ ጣውላ ላይ መትቶ፣ ቁልቁለት የሚወርድበት ጋሪ ይሠራ የለም እንዴ? እዚህ ጎማ ውስጥ ያለውም ያው ኩሽኔታ ነው፣ ትንሽ ስለሆነ ነው።

ወደ ልኩ እንመለስ። ባለፈው ሰሞን ከሥራ ወጥተን በኢትዮጵያ መንገድ ስናልፍ ሦስት ልጆቻችንን ቁልቁል ሲመጡ አገኘናቸው። መንገዱን ታውቁታላችሁ። ከሃኔቪኢም ጎዳና ገባ ሲባል፣ በግራና በቀኝ ረጅም የድንጋይ ግንብ፣ ክቡ የደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን ያለበት፣ መኪና ሲመጣ ሰው ግንቡ ላይ የሚለጠፍበት ጠባብ መንገድ ነው። ትልቁ ልጅ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ግንቡን በእጁ እየዳበሰ ይወርዳል፣ ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቹ ወደ ውስጥ ወድቀዋል፣ ጉልበቶቹ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸው። አስቁመን «እግርህ ስንት ቁጥር ነው?» አልነው። «36» አለ። ቦቱ ላይ የተጻፈው 39 ነው። ሁለት ወፍራም ካልሲ ደርቧል፣ ዘለበቱን እስከ መጨረሻው ጥርስ ስቦ አስሮታል፣ ስንፈታለት የእግሩ ጀርባ ቀልቶ ሰምበር አውጥቷል። «ካላጠበቅኩት ይወልቅብኛል» አለን። ልጁ እውነቱን ነው።

ሒሳቡን ተመልከቱት። በአውሮፓ የጫማ አቆጣጠር አንድ ቁጥር የሴንቲሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው። ሦስት ቁጥር ማለት ሁለት ሴንቲሜትር ባዶ ቦታ ነው። በዚያ ባዶ ቦታ እግሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ተረከዙ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ይፋተጋል፣ ውሃ ይቋጥራል። የቁርጭምጭሚቱ አጥንት የቦቱ ብሎን ካለበት ቦታ ጋር አይገጥምም፤ ስለዚህ ቦቱ በሚታጠፍበት ቦታ እግሩ አይታጠፍም። ልጁ ቦቱን ለመያዝ ብሎ የእግር ጣቶቹን እንደ ጥፍር ያጨብጣል፣ ውስጥ እግሩን ቁርጥማት ይይዘዋል። ያን ሲሸሽ ዘለበቱን ያጠብቃል፣ ደም ይያዝና ጣቶቹ ይደነዝዛሉ። ሁለት ካልሲ መደረቡም አይረዳም፤ አንዱ ካልሲ በሌላው ላይ ይንሸራተታል እንጂ እግሩን አያስይዝም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ፍሬኑ ነው። የጀማሪ ቦት ፍሬን ብዙውን ጊዜ በአንደኛው ቦት ተረከዝ ላይ ያለው ጥቁር ጎማ ነው፤ ልጁ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ የጣቱን ወገን ሲያነሳ መሬት ይነክሳል። በሰፊ ቦት ውስጥ ግን መጀመሪያ የሚነሳው እግሩ ነው፣ ቦቱ ዘግይቶ ነው የሚታዘዘው። ቴል አቪቭ ሜዳ ነው፣ ልጅ ቢዘገይም ይቆማል። ኢየሩሳሌም ግን ከተራራ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ የትም ብትወጡ ቁልቁለት አለ። እዚህ ፍሬን የዘገየበት ልጅ የት እንደሚያርፍ ንገሩን እስቲ።

እንግዲህ እንዴት ይለካ? ቤት ውስጥ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ጀምሩ። ማታ ይሻላል፣ እግር ቀኑን ሙሉ ውሎ ትንሽ ሞላ ይላል። ልጁ ተረከዙን ግድግዳ አስነክቶ፣ በሁለቱም እግሩ እኩል ተጭኖ ይቁም። ከግድግዳው እስከ ረጅሙ ጣቱ ጫፍ ለኩ። ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም፣ ሁለተኛው የሚበልጥበት ብዙ ሰው አለ። ሁለቱንም እግሮች ለኩ፤ ትልቁን ነው የምትይዙት። በሚሊሜትር ጻፉት። ለምሳሌ 225 ሚሊሜትር ከሆነ፣ ሳጥኑ ላይ ወይም ቦቱ ላይ 225 ወይም 22.5 የሚለውን ፈልጉ። የአንዱ ፋብሪካ 36 ከሌላው 36 ጋር ላይገጥም ይችላል፣ ሚሊሜትሩን ግን ከእግሩ ጋር ማስተያየት ትችላላችሁ።

ሱቅ ስትደርሱ ደግሞ ሻጩ ደስ ባይለውም የውስጡን ቦት አውጡ። ልጁ አንድ ካልሲ ብቻ አድርጎ ባዶው ቅርፊት ውስጥ ይግባ፣ ጣቶቹ ፊቱን ነክ እስኪያደርጉ ወደ ፊት ይጠጋ። ከዚያ ከተረከዙ ኋላ ጣታችሁን ስደዱ። አንድ ጣት፣ አንድ ጣት ተኩል ከገባ ልክ ነው። ሁለት ጣት ለሚያድግ ልጅ የመጨረሻው ወሰን ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ «ያድግበታል» ሳትሉ መልሱት።

ቀጥሎ የውስጡን ቦት መልሳችሁ አልብሱት፣ አስራችሁ አቁሙት። ቀጥ ብሎ ሲቆም ጣቶቹ ጫፉን ለስለስ አድርገው ቢነኩ አትደንግጡ። ጉልበቱን አጥፎ ወደ ፊት ሲያጎነብስ ተረከዙ ወደ ኋላ ይገባና ጣቶቹ ከጫፉ ይላቀቃሉ፤ የሚነዳውም እንደዚያ አጎንብሶ ነው። አጎንብሶም ጣቱ ከተጨፈለቀ ወይም ከታጠፈ፣ ያኔ እውነትም ትንሽ ነው። አሁን ቦቱን በሁለት እጃችሁ ከመሬት ጋር ያዙትና «ተረከዝህን አንሳ» በሉት። ከተነሳ ሰፊ ነው፣ ሌላ ነገር መጠየቅ አያስፈልግም። ሌላው ደግሞ አትቸኩሉ። ልጁ አሥር ደቂቃ አድርጎት ይቁም፣ ይቀመጥ፣ ይነሳ። ስፖንጁ ጥቂት ሳምንት ከተደረገ በኋላ ይተኛል፣ ቦታው ይሰፋል። ስለዚህ በሱቅ ውስጥ እንደ ቤት ነጠላ ጫማ የሚመች ቦት ከሁለት ወር በኋላ የላላ ቦት ነው። ጥብቅ ብሎ የማያም፣ እሱ ነው የሚፈለገው።

ስለ እግር ስፋት ለብቻው እንናገር፣ ምክንያቱም የኛን ቤት በጣም ይነካል። ፊቱ ሰፊ፣ ተረከዙ ቀጭን የሆነ እግር ያላቸው ልጆች አሉን። ልጁ «ጎንና ጎኑን ይጫነኛል» ሲል ሻጩ ምን ያደርጋል? አንድ ቁጥር ከፍ አድርጎ ያመጣል። ጎኑ ይቀለዋል፣ ርዝመቱ ግን ተበላሸ፣ ተረከዙ መነሳት ጀመረ። ለሰፊ እግር መልሱ ረጅም ቦት ሳይሆን ሰፊ ቦት ነው፤ የቦቶች ቅርጽ ይለያያል፣ ሌላ ዓይነት አምጣ በሉት። ደግሞ የአንዳንዱ ቦት ውስጥ በሙቀት ይቀረጻል፣ ተሞቆ ልጁ እንዳደረገው ሲቀዘቅዝ የእግሩን መልክ ይይዛል። ቅርፊቱም አንድ አጥንት ላይ ብቻ የሚጫን ከሆነ፣ የሚያውቅ ባለሙያ በሙቀት ያንን ቦታ ሊገፋው ይችላል። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ አዲሱ ጫማ አልስማማው ሲል አውልቆ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ፤ በ1964 ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጫማ አድርጎ አሸነፈ። እሱ የማይሆነውን ማውለቅ ይችል ነበር። ቁልቁለት ላይ ያለ ልጅ ማውለቅ አይችልም።

«እና በየዓመቱ ልንገዛ ነው?» ትሉናላችሁ። ጥያቄው ትክክል ነው፣ ስድስት ሰባት ልጅ ያለው ቤት አለ። የልጅ እግር በዚህ ዕድሜ በዓመት ወደ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ያድጋል። ለዚህ ብለው የሚረዝም ቦት ሠርተዋል። ጎኑ ላይ ወይም ፊቱ ላይ ቁልፍ አለው፤ ሲጫኑት የፊቱ ክፍል ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ለምሳሌ ከ33 እስከ 36 ይሄዳል። ይሄ ሁለት ሴንቲሜትር ነው፣ ሁለት ዓመት ገደማ ሊያስኬድ ይችላል። «ያድግበታል» ማለት የሚቻለው ለዚህ ብቻ ነው፣ ያውም ዛሬ በልጁ ልክ ተቆልፎ። በየሦስት ወሩ ለኩና አንድ ደረጃ አስረዝሙለት። ሲገዛ ግን ልጁ ከመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ላይ መሆኑን እዩ። ከወዲሁ 36 የሆነን ልጅ እስከ 36 የሚል ቦት ማልበስ ለሁለት ወር መግዛት ነው። ደግሞ የሚረዝመው ፊቱ እንጂ አንገቱ አይደለም፣ ባቱ ወፍራም ለሆነ ልጅ ዘለበቱ መድረሱን ተመልከቱ።

ያድ ሽኒያ መግዛት ነውር የለውም። እንዲያውም በትክክል የሚሆነው አሮጌ፣ ሰፊ ከሆነው አዲስ በብዙ ይሻላል፤ በዚህ ላይ ከኛ ጋር የማይስማማ ካለ እንከራከራለን። ግን አገላብጣችሁ እዩ። ቅርፊቱን በብሎኖቹ ዙሪያ ተመልከቱ፣ ነጭ ስንጥቅ መስመር ካለ አትግዙ። መርፔሴት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ወይም ብዙ ዓመት ተቀምጦ የደረቀ ፕላስቲክ ከላይ ደህና መስሎ ድንገት ይፈረከሳል። የዘለበቱን ጥርሶች ቁጠሩ፣ የተበላ ካለ ያመልጣል። ጎማዎቹን ገልብጡና እዩ፤ በውስጥ በኩል ብቻ ከተበሉ ጎማ ይቀየራል፣ ይገለበጣልም፣ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ይጠቅማችኋል። ጎማውን በጣታችሁ አሽከርክሩት፤ እንደ ወፍጮ ካንጎራጎረ ኩሽኔታው አልቋል። እሱም ይቀየራል። ቅርፊት ግን አይቀየርም።

ስታስሩለት ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ተረከዙን መሬት ላይ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ወደ ኋላ ይሙላው። ክር ካለው ከጣት ወገን ላላ፣ ወደ ቁርጭምጭሚት ሲደርስ ጠበቅ። ከዚያ መሐል ላይ በአግድም የወረደችው ማሰሪያ፣ ተረከዝን ወደ ኋላ የምታስቀምጠው እሷ ናት፣ ሰዎች ግን ይረሷታል። የላይኛውን ዘለበት በመጨረሻ፣ ጉልበቱን አጥፎ እያለ። ጣቱ ከደነዘዘ የእግሩን ጀርባ አላሉት፤ ተረከዙ ውሃ ከቋጠረ የመሐሏን ማሰሪያ አጥብቁ፤ ሁሉንም አድርጋችሁ ካልሆነ ልኩ አይደለም።

አሁን ወደሚያሳስበን ነገር እንምጣ። ብዙዎቻችሁ ሱቅ አትገቡም። ለልጁ ብር ትሰጡትና «ሂድ፣ ግዛ» ትላላችሁ፣ ቋንቋውን እሱ ያውቃል ብላችሁ። በኩፓት ሖሊም ልጁ ያስተረጉማል፣ በባንክ ልጁ ያስተረጉማል፣ እዚህም ልጁ ራሱ ይመርጣል። የአሥር ዓመት ልጅ ደግሞ የሚመርጠው ቀለሙንና የጓደኛውን ዓይነት ነው። ቁጥሩ ከሌለ «ትልቁን ውሰድ» ይባላል፣ እሺ ብሎ ይመጣል። አይምሰላችሁ፣ ለዚህ ሥራ ዕብራይስጥ ብዙ አያስፈልግም። ጣት ከተረከዝ ኋላ ማስገባት ቋንቋ የለውም። እጃችሁ የልጁን እግር ያውቀዋል፣ ከሻጩ እጅ የበለጠ። ልጁም እናቱ ወይም አባቱ ሱቅ ውስጥ ተንበርክከው ቦቱን ሲፈትሹ ሲያይ፣ ቤት ውስጥ የሚያወቀው ሰው ውጭም እንደሚያውቅ ያያል። በሥራችን ስለ ወላጅ ሥልጣን ብዙ እናወራለን፤ አንዳንዴ እንደዚህ ባለ ነገር ነው የሚመለሰው።

የሚያስፈልጓችሁ ቃላት ጥቂት ናቸው። «ኤፍሻር ሊምዶድ?» መለካት ይቻላል? «ዜ ጋዶል ሚዳይ» በጣም ትልቅ ነው። «ዜ ሎሄጽ» ይጫነዋል። «ዬሽ ራሃቭ ዮተር?» ሰፋ ያለ አለ? «ሃአኬቭ ኦሌ» ተረከዙ ይነሳል። ይሄ የመጨረሻው ቀላል ነው፤ «ኦሌ» እኛንም ሲጠሩን የኖሩበት ቃል ነው፣ ወደ ላይ የሚወጣ ማለት ነው። ዕብራይስጥን መነጋገሪያ እንዲሆን የደከመው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ በዚያው በኢትዮጵያ መንገድ ላይ ይኖር ነበር። ልጆቻችን ግንቡን እየዳበሱ በሚወርዱበት መንገድ ማለት ነው። መለካት አይቻልም ከሚል ሱቅ አትግዙ። ከኢንተርኔት ከሆነም መመለስ መቻሉን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ለስላሳ ቦት አይሻልም ወይ ለምትሉን፤ ይቀላል፣ ቶሎ ይመቻል፣ ለሜዳ ጥሩ ነው። ለሚማር ልጅ፣ በዚህ ዳገትና ድንጋይ ከተማ፣ እኛ ጠንካራውን እንመርጣለን። ልኩ ከሆነ ነው ግን። ልኩ ያልሆነ ጠንካራ ቦት ከለስላሳው የከፋ ነው።

ካስዳ የግድ ነው፣ ውስጡ 1078 የሚል ቁጥር ያለበትን ፈልጉ፤ የአውሮፓ የብስክሌትና የባለጎማ ጫማ ካስዳ መለኪያ ነው። የእጅ አንጓ መከላከያውን ደግሞ ልጆቹ ይጥሉታል፣ አትፍቀዱ። ሰው ሲወድቅ እጁን ነው የሚዘረጋው። በ1996 አሜሪካ ውስጥ የታተመ የሕክምና ጥናት መከላከያውን ያላደረጉት አንጓቸው የመጎዳት ዕድሉ ካደረጉት አሥር እጥፍ ያህል ሆኖ አግኝቶታል። የት ይንዱ ካላችሁ፣ ኢትዮጵያ መንገድ ላይ አይደለም፤ መኪናም አለ፣ አሮጊቶችም ይሄዱበታል፣ ግንብም ፍሬን አይሆንም። ፓርክ ሃመሲላ ውሰዷቸው። በ1892 የተከፈተው የያፎና የኢየሩሳሌም ባቡር ይሄድበት የነበረ መስመር ነው፣ ባቡር ዳገት ስለማይወድ ለጥ ያለ ነው። ጋን ሳከርም ሰፊ ነው። በዮም ኪፑር ባዶ ጎዳና ላይ ስለሚነዱት ሽማግሎቻችን የሚሉትን እናውቃለን፣ እሱን ሌላ ጊዜ።

አንድ ሐሳብ አለን። በየማትናሱ አንድ መደርደሪያ ይኑር። ያነሰውን ቦት እዚያ እናስቀምጥ፣ የሚሆነውን እንውሰድ፤ ቅርፊቱ ደህና እስከሆነ ድረስ ከልጅ ወደ ልጅ ሊያልፍ ይችላል፣ የውስጡ ስፖንጅ ካለቀ እሱን ብቻ መለወጥ ይቻላል። አጠገቡ ግድግዳው ላይ ማስመሪያ ይለጠፍ፣ ልጁ ተረከዙን አስነክቶ ይለካ። የማትናስ ሠራተኞች የሆናችሁ አንባቢዎቻችን ይሄ ገንዘብ አይጠይቃችሁም፣ መደርደሪያና አንድ ሜትር ማስመሪያ ነው። እናንተም ወላጆች ዛሬ ማታ አልጋ ሥር እዩና፣ የተጣለ ካለ አውጡት። ሥሩ ወይም ውስጡ ላይ የተጻፈውን ቁጥርና ሚሊሜትር፣ ሰፈራችሁንም ጨምራችሁ እዚህ ገጽ ላይ ጻፉልን። ኪርያት መናሄም ያለው 36 ለኔቬ ያዕቆቡ ልጅ ይሆን ይሆናል። ያ በኢትዮጵያ መንገድ ያገኘነው ልጅም 225 ሚሊሜትር ነው የሚፈልገው፤ ያለው ሰው ካለ ቶሎ ይንገረን፣ 39ኙን በልዋጩ ይሰጣል።